መጥፎውን ወሬ እናንተው ንገሩን፦ ከሸዋ ሮቢት የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፤ ለክልልና ለዞን ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች፤ ለዜና ክፍል አዘጋጆች፤ እንዲሁም ከአገር ውስጥም ከውጭም ሆናችሁ ስለ ጦርነት ላይቭ ለምትገቡ ወንድሞችና እህቶች።

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስልክ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ካርድ እሸጣለሁ፣ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጅ አልይዝ ያለ ባትሪ እፈትሻለሁ። የሰው ስልክ እጄ ላይ ይውላል። ስለዚህ ጦርነት ሲመጣ ወሬው በየትኛው በር እንደሚገባ በቅርብ አያለሁ። የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ወሬው መጥፎ ሲሆን ከሁሉም ቀድማችሁ፣ ሳትሸፋፍኑ፣ እናንተው ንገሩን።

አዲስ አበባ ሆኖ ዜና የሚያይ ሰው ዜናው ካልጣመው ቻናል ይቀይራል። እኛ ጋ ግን ዜና ማለት ዛሬ ማታ ልጆቼን ይዤ ልውጣ ወይስ ልደር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ከተማችንን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያለ ወደ ኮምቦልቻ ይዘልቃል። ይህ መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርታችን ገዢ አጥቶ ይበሰብሳል፣ ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ይቀራል፣ ሰዉም መሸሻ ያጣል። «መንገዱ ሰላም ነው» የምትል አጭር ዜና እኛ ጋ ስትደርስ ክብደቷ ሌላ ነው። እውነት ከሆነች ሰው ታተርፋለች። ውሸት ከሆነች ሰው ትበላለች።

የሰሜኑን ጦርነት፣ የ2014ን ጥቅምትና ኅዳር የምትረሱት አይመስለኝም። ጥቅምት 20 አካባቢ ደሴ፣ አከታትሎም ኮምቦልቻ ከመንግሥት እጅ ወጡ። በዚያ ሰሞን አንዱ ወገን ይዣለሁ ሲል ሌላው ውሸት ነው ይል ነበር። ጥቅምት 23 በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኅዳር 16 ደግሞ ከመንግሥት በቀር ማንም ስለ ጦር እንቅስቃሴና ስለ ውጊያ ውሎ መረጃ እንዳያወጣ ተከለከለ። የጦር ምስጢር መጠበቅ እንዳለበት ይገባኛል። መድፉ የት እንደቆመ ንገሩኝ ያለ የሸዋ ሮቢት ሰው የለም። ግን ሌላው ሰው ተከልክሎ፣ የተፈቀደለትም ዝም ካለ፣ ሜዳው ለማን ቀረ?

በዚያ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሱቄ መጡ። ቶርች ያላት ትንሽ ስልክ ይዘዋል፤ ድምፅ አልሰማ ብላቸው ነው። ማሽላቸው ደርሷል። ጥለውት ቢወጡ የዓመት ቀለባቸው ነው። ስፒከሩን እየጠረግኩ ሳለ «ልጄ፣ ዜናው ምን ይላል?» አሉኝ። ሬዲዮው ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው ይላል። እኔ ስልክ ላይ ያለ የቴሌግራም ቻናል ደግሞ ሸዋ ሮቢት ከትናንት ጀምሮ ተይዛለች ይላል። እሳቸውና እኔ ሸዋ ሮቢት መሀል ነን። ከሱቁ ፊት ለፊት ሴትዮዋ ቲማቲም ትሸጣለች። ሁለቱንም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «አንዱ እንዳንወጣ ይዋሻል፣ አንዱ እንድንወጣ ይዋሻል» አሉ።

«ታዲያ አንቱ ምን ሊያደርጉ አሰቡ?» አልኳቸው።

ወደ አስፋልቱ አመለከቱኝ። «መኪኖቹን አያለሁ። ባዷቸውን ወደ ጣርማ በር ሽቅብ መውጣት የጀመሩ ዕለት እኔም እወጣለሁ።»

ልብ በሉልኝ። በአገሪቱ ስንት ጣቢያ፣ ስንት ቢሮ፣ ስንት ቃል አቀባይ እያለ፣ እኒህ ሰው የሚያምኑት ዜና የአይሱዙ ሾፌር ፊት ነበር። ደግሞም አልተሳሳቱም። መኪኖቹ ወጡ፣ እሳቸውም ወጡ፣ ከተማዋም ተያዘች። ሰዉ በቆላ ልብሱ፣ በነጠላና በሸበጥ፣ የደብረ ሲናን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ወደቀ። ኅዳር ሳያልቅ ከተማዋ ተመለሰች። ማሽላው ግን ባለቤቱን አልጠበቀም።

ሌላም ልንገራችሁ። ጎረቤታችን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። አንድ ሌሊት «ገቡ» የሚል ወሬ በስልክ ተነዛ። ሊጡን እንደተቦካ ትታ፣ ትንሹን አዝላ፣ ትልቁን እየጎተተች ደብረ ሲና ወጣች። ወሬው ውሸት መሆኑ ሲታወቅ ተመለሰች። ከቀናት በኋላ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ መጣ። «አሁንስ አልታለልም» ብላ ተቀመጠች። ከተማው ሲያዝ እዚያው ነበረች። እሷም ልጆቿም በሕይወት አሉ፣ ተመስገን። ያዩትን እሷ ከፈለገች ትንገራችሁ እንጂ እኔ አልጽፈውም። እኔ የምለው፣ የሐሰት ወሬ በዕለቱ ካሳሳተው ሰው ይልቅ በማግስቱ እውነቱን አላምንም ያሰኘው ሰው ይበዛል። ያ ሰው በየትኛውም ዜና ላይ ሲቆጠር አልሰማሁም።

ውሸቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመለየት ባለሙያ የሚያስፈልገው አይደለም። «ሸዋ ሮቢት እየነደደች ነው» ተብሎ የተላከ ቪዲዮ አንድ ደንበኛዬ አሳየኝ። ጭስ አለ፣ የሚሮጥ ሰው አለ፣ ለቅሶ አለ። ሰዉ ግን ጋቢ ደርቧል። ከኋላው ያለው ባሕር ዛፍ ጉም ተኝቶበታል። እኛ ቆላ ነን፤ በቀትር ጋቢ ደርቦ የሚሮጥ የሸዋ ሮቢት ሰው አታገኙም። ቪዲዮው የደጋ አገር ነው። ይህን ለማወቅ ወደዚህ አንድ ስልክ መደወል ይበቃ ነበር። ያ ቪዲዮ ግን ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ላይ ዋለ፣ አደረ። አዲስ አበባና አረብ አገር ያሉ ዘመዶቻችን እያለቀሱ ደወሉ። ስልኩ አልያዝ ያላቸው ደግሞ ለቅሶ ተቀመጡ። ለጥፎት የነበረው ሰው ቆይቶ አጠፋው። ተሳስቼ ነበር አላለም፤ ብቻ አጠፋው። ያጠፋውንም ያየ የለም።

«ጦርነት ያለ ማታለል አይሆንም» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው። በዓድዋ ጊዜ ባሻ አውአሎም ለጣሊያኖች የሚሠራ መስሎ ስለ ምኒልክ ጦር የተሳሳተ ወሬ አቀብሏቸዋል። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ላይ ለደረሰበት ሽንፈት ያም አንዱ ምክንያት ሆኖ ይነገራል። ግን የተታለለው ጠላት ነው። ለገዛ ሕዝባቸው ምኒልክ የነገሩት ሌላ ነበር። የዘመቻው አዋጅ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መግባቱን በግልጽ ይናገራል። የከብቱን ማለቅ፣ የሰዉን መድከም አይተው እስከዚያ ታግሠው እንደቆዩም አልደበቁም። ያን ሁሉ ሰው ያንቀሳቀሰው የራሱን ድካም በነጋሪት ለሕዝብ የተናገረ መንግሥት ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ተዋጊዎቹ ድሮን አላቸው፣ ሰላይ አላቸው፣ የሬዲዮ ጠለፋ አላቸው። ማን የት እንዳለ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። የማያውቀው ማሽላውን ልጨድ ወይስ ልሽሽ የሚለው ገበሬ ነው። በጦርነት ዜና የሚታለለውም እሱ ነው። ይህን ማታለል የጦር ስልት ብሎ መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የሆነውን አልሆነም ብሎ መካድም የትም አያደርስም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የዘረት ዋሻ አለ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዋሻው ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። ሴቶችም ሕፃናትም ነበሩበት። የዘመኑ የጣሊያን ጋዜጦች ወረራውን የሥልጣኔ ተልዕኮ እያሉ ነበር የሚጽፉት። ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የመንዝ ሰው ግን ያን ሁሉ ዘመን ያውቀው ነበር። አጽሙ ዋሻው ውስጥ ነበራ። እኛም እንደዚያው ነን። የሆነብንን እናውቃለን። በቴሌቪዥን አልሆነም ሲባል የምናጣው በቴሌቪዥኑ ላይ ያለንን እምነት ነው።

ከተማዋ ከተመለሰች በኋላ ካሜራ የያዙ ሰዎች መጡ። ጣቢያቸውን አልጠራም። አንዲት ሱቋ የተዘረፈባት እናት በራፏ ላይ ቆማ ነበር። እልል በሉ አሏቸው፤ ከሌሎቹ ጋር እልል አለች። ድምፁ አልገባም ተብሎ እንደገና እልል አስባሏት። ቆርቆሮዋ ስለተነቀለው፣ ስለጠፋው እህሏ አልጠየቋትም። በዕለቱ ማታ እልልታዋን አየነው። እሷም አየችው። ደስ ብሏት ነበር፣ ውሸት አይደለም። ግን ደስታዋ ከነሐዘኗ ነበር፤ የታየው ግማሹ ነው። ከዚያ ወዲህ ማይክ የያዘ ሰው ሲያናግራት ፊቷን ታዞራለች።

ቴክኖሎጂው ደግሞ እየከፋ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዜለንስኪ ወታደሮቻቸውን «መሣሪያ አስቀምጡ» ሲሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ተለቀቀ። ሰው ሠራሽ ነው፤ ዲፕፌክ የሚሉት። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያቸውም ተጠልፎ ወሬውን አስተላልፎታል። ግን ብዙም ሰው አላሳሳተም። አንደኛ፣ አሠራሩ ደካማ ነበር፤ ራሱና አንገቱ አልገጠሙም። ትልቁ ነገር ግን መንግሥታቸው ከሁለት ሳምንት በፊት «እንዲህ ያለ የውሸት ቪዲዮ ሊወጣ ይችላልና ተጠንቀቁ» ብሎ ነበር። ፕሬዚዳንቱም ወዲያው ራሳቸውን ቀርጸው ወጡ። ሕዝቡ ቀድሞ ተነግሮት ስለነበር ውሸቱ ሲመጣ አወቀው። ይህ በገንዘብ የሚገዛ ነገር አይደለም። ቀድሞ የመናገር ልማድ ነው፤ እኛ የጎደለንም እሱ ነው።

በዚያው ጦርነትና በጋዛም «አርማ 3» ከሚባል የኮምፒውተር ጌም የተቆረጡ ቪዲዮዎች የእውነት ውጊያ ናቸው ተብለው ዓለምን ዞረዋል። የጌሙ ሠሪዎች ራሳቸው እንዴት እንደሚለይ ምክር እስከማውጣት ደርሰዋል። እኔም ሱቅ ውስጥ ልጆች «የድሮን ጥቃት ነው» እያሉ እንዲህ ያለ ያሳዩኛል። በጌምና በእውነት መሀል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ አያውቅም። የሚደነግጠውና መንገድ የሚወጣው አባቱ ነው።

አሁን ስለ ኔትወርክ ልናገር፤ ይህ የራሴ ሙያ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቆረጠ። መቀሌ ልጅ ያላት እናት ድምፁን ሳትሰማ ረጅም ጊዜ ከረመች። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለብዙ ወራትም እንደጠፋ ቆየ። የሚዘጋው ሐሰተኛ ወሬ እንዳይዛመት ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ኔት ሲዘጋ ውሸቱ አይዘጋም። በሚሞሪ ካርድ ይመጣል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ረዳት ይዞት ይወርዳል፤ በዜንደር ከስልክ ስልክ ይተላለፋል፤ በማግስቱ ከተማው ሁሉ አይቶታል። የሦስት ወር ቪዲዮ የትናንት ተብሎ ይታያል፤ ቀኑ አብሮት አይመጣማ። ማስተባበያው ግን ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኔት ስትዘጉ በሩን የዘጋችሁት በማስተባበያው ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የውጊያ ቪዲዮ አልጭንም በማለቴ ደንበኛ አጥቻለሁ። አይቆጨኝም።

የድምፅ ጥሪ ሲቋረጥ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። «አለህ ወይ?» «አለሁ» የሚባባል ሰው ለወሬ ቦታ የለውም። የወንድሙን ድምፅ የሰማ ሰው ቻናሉ ሞቷል ቢለውም አያምንም። ድምፁ ሲቆረጥ ግን ያገኘውን ሁሉ ያምናል፤ ምን ያድርግ?

ላይቭ ለምትገቡት ወንድሞችና እህቶች። እናንተን እንደ ጠላት አላያችሁም። ብዙዎቻችሁ የእኛው ልጆች ናችሁ። ሬዲዮው ዝም ሲል የምንሰማው እናንተን ነው፤ ቃላችሁ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ግን «ሰበር! ከተማዋ ነጻ ወጣች» ስትሉ፣ ነጻ ወጣች በተባለችው ከተማ አንድ አባት ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። ጥይቱ ገና አልቆመም። «እነ እገሌ እዚህ ሰፈር፣ እዚህ ሆቴል አሉ» ስትሉ፣ የሚሰማችሁ ሁሉ ለማወቅ ብቻ አይሰማም። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ የሰው ስም እየጠራ፣ መደበቂያ እየጠቆመ ነበር። ከሬዲዮው መሥራቾች ሁለቱ አሩሻ በተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲፈረድባቸው፣ ካስፈረደባቸው ነገር ዋናው የተኮሱት ጥይት ሳይሆን ያስነገሩት ቃል ነው። በሞት ወሬ መሀል «ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ላይክ አድርጉ» ስትሉ ደግሞ ያመኛል። እውነቴን ነው፣ ያመኛል።

ሩዋንዳ ድረስ መሄድም አያስፈልግ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ትግራዋይ ነበሩ። በ2014 ጥቅምት ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውና የሥራ ቦታቸው እየተለጠፈ የሐሰት ክስ ተጻፈባቸው። ቤተሰባቸው ይነሳልን ብሎ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ፕሮፌሰሩ ከመገደላቸው አንድ ወር በፊት የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን አሜሪካ ሴኔት ቀርባ፣ የኩባንያው አሠራር ግጭት ያባብስባቸዋል ካለቻቸው አገሮች መሀል ኢትዮጵያን በስም ጠርታ ነበር። ይህን የምጽፈው ከአማራ ክልል ነው። የእኛን ሰው ያስገደለውን ወሬ ስናወግዝ ይህንን ካለፍነው፣ ነገ ጩኸታችንን የሚሰማ የለም።

እዚሁ አካባቢያችንም አይተነዋል። አጣዬ በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስትቃጠል አንዱ ሚዲያ የአንዱን ሬሳ፣ ሌላው ሚዲያ የሌላውን ሬሳ ብቻ ይቆጥር ነበር። ይህ አገር እኮ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። እህሉን፣ ፍየሉን፣ ግመሉን የሚሻሻጥ ሕዝብ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ልሂድ አልሂድ የሚለው ሰው ጎረቤቱን መጠየቅ ትቶ ስልኩን መጠየቅ ጀመረ። ስልኩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚመልስለት አትሂድ ብሎ ነው። ሽንኩርት ተሸካሚው፣ ሻይ አፍልታ የምትሸጠው፣ ሁሉም ከሰረ።

ሕግ የለም እንዳትሉን። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ አለበት። በብሮድካስት ወይም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱም ያዛል። ኩባንያዎቹ ግዴታቸውን መወጣታቸውን ተከታትሎ ለሕዝብ ሪፖርት ማውጣት ደግሞ የባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ድርሻ ነው። ሪፖርቱን እኛ ጋ ድረስ አምጡልን። በሬዲዮ አንብቡልን። ስንት ጥቆማ ላካችሁ፣ ስንቱ ተነሳ፣ ስንቱ በአማርኛ ነበር፣ ስንቱ በኦሮምኛ፣ ስንቱ በትግርኛ?

ደግሞም አዋጁ እታች ላይ እጁ ይጠነክራል። ስድስት ሺህ ተከታይ ያለው ወጣት ይጠየቃል። «ከተማው ሰላም ነው፣ ሕዝቡ የተለመደ ሥራውን ይሥራ» ያለ ኃላፊ ከተማው በማግስቱ ባዶ ሲሆን ማን ይጠይቀዋል? እሱን ሰምቶ የቀረ ሰው የለም ወይ? ኃላፊም ሆነ የታጠቀ ቡድን ቃል አቀባይ፣ በሐሰት ቃሉ ሲቪል ሰው ለጥይት ከዳረገ፣ እንደ ወጣቱ ይጠየቅ።

የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። ውጊያ ባለበት አካባቢ በየቀኑ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ስለ ሲቪል ሰው ብቻ የሚናገር አጭር መግለጫ ይኑር። የቱ መንገድ ክፍት ነው፣ የቱ ዝግ ነው፣ የቱ ሆስፒታል ይሠራል፣ ተፈናቃይ የት ይቀበላሉ። ያላጣራችሁትን «አላጣራንም» በሉ፤ አናፍርባችሁም። በሬዲዮ ይሁን፣ መብራት ቢጠፋ በባትሪ ይሰማልና። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ በዚህ መንገድ ዳር ሁለቱም ይነገራልና። በኤስኤምኤስም ይላክ። የበዓል መልካም ምኞት በአንድ ጊዜ ለሁላችንም ይደርሰናል፤ «ከካራቆሬ ወዲያ አትሂዱ» የሚለውም ሊደርሰን ይችላል። የድምፅ ጥሪ በምንም ምክንያት አይቆረጥ።

ዜና ክፍል ያላችሁ፣ ቪዲዮ ከማሳየታችሁ በፊት ወደ ቦታው ደውሉ። መምህር፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ ማንም ይሁን የአገሩ ሰው ይየው። የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ ምስሉ ላይ ጻፉ። ስትሳሳቱ ማስተባበያውን በተሳሳታችሁበት ሰዓትና በዚያው ድምፅ ንገሩን። ማታ 2 ሰዓት ላይ ዋና ዜና የነበረ ነገር፣ ማስተባበያው እኩለ ሌሊት ላይ በጽሑፍ ማለፍ የለበትም። ሬሳ አታሳዩ። አንዲት እናት የልጇን መሞት እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ሊጠገን የመጣ የሰው ስልክ ላይ አይታ ነው ያወቀችው። ሸሚዙን ነው የለየችው። ከዚህ በላይ ስለዚህ ጉዳይ መናገር አልችልም።

ለእኛም ለሰሚዎቹ አንድ ቃል አለኝ። አባቶቻችን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ። ሼር ከማድረጋችን በፊት የቦታውን ሰው እንጠይቅ፣ ቀኑን እንይ። የጠላነው ወገን ላይ የመጣ ወሬ ሲሆን ደግሞ ሁለቴ እንጠይቅ፤ የምንቸኩለው ያኔ ነውና።

ይህን ሥራ ለመጀመር አዲስ ሕንጻና ብዙ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ደብረ ብርሃን ላይ የሚቀመጥ አንድ እምነት የሚጣልበት ሰው፣ በየመናኸሪያው ያሉ ተራ አስከባሪዎች፣ የየጤና ጣቢያውና የየቀበሌው ስልክ ቁጥር፣ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ የአየር ሰዓት ይበቃል። ከሸዋ ሮቢት ስለ መንገዱ በየማለዳው ያየውን ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ ዝግጁ ነኝ። ሱቄን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እከፍታለሁ፤ ከዚያ በኋላ በፈለጋችሁበት ሰዓት ደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስልክ ጠጋኙ
ሸዋ ሮቢት፣ ሰሜን ሸዋ